ለኢንተግሬሽን ቴስት የቱን ዳታቤዝ እንጠቀም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ካሉት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ኮድ ልናይ ስንቀመጥ ሁሌ የሚያከራክረን አንድ ነገር ነው። ባክኤንዳችን (ሰርቨር ላይ የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል) ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ኮዱ ከዳታቤዙ ጋር አብሮ መሥራቱን የሚያየው ኢንተግሬሽን ቴስትስ ምን ላይ ራን ይደረግ? ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ኤስኪውላይት ይበቃል፤ ያው ኤስኪውኤል አይደል?»

አይበቃም። ኤስኪውላይት ያለ ሰርቨር በአንድ ፋይል የሚሠራ ቀላል ዳታቤዝ ነው። የመጋዘን መመዝገቢያ ስንሠራ የዕቃ መጠን የሚገባበት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ኮለም ነበረን። ኮዳችን «12 ኩንታል» የሚለውን ጽሑፍ እንዳለ ወደዚያ ኮለም ይልከዋል፤ ኤስኪውላይት ደግሞ ወደ ቁጥር መቀየር ሲያቅተው ምንም ሳይል ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቴስቱ አለፈ። ሰርቨር ላይ በወጣ ዕለት ግን ፖስትግሬስ ቁጥር አይደለም ብሎ መለሰው፣ ያን ቀን ሥራ ቆመ። ኤስኪውላይት ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንዲህ ያለውን የማይቀበል ስትሪክት የሚባል የቴብል ዓይነት አለው፤ ካላዘዛችሁት ግን አይሠራም።

በዚህ አያበቃም። ኮለሙን ቫርቻር 10 (እስከ 10 ፊደል ብቻ) ብትሉት ርዝመቱን አይቆጣጠርም። ፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ገደብ) እናንተ በየኮኔክሽኑ ካላበራችሁት አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ዕቃ ያለውን ደንበኛ ብታጠፉት እንኳ ዝም ይላል። ላይክ የሚባለው መፈለጊያ ደግሞ የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ፖስትግሬስ ግን ይለያል፤ ቴስት ላይ የተገኘው ደንበኛ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሰርቨር) ላይ ይጠፋል። ኤስኪውላይት በቦታው ጥሩ ነው። የሞባይል አፓችሁ እሱን የሚጠቀም ከሆነ ቴስቱንም በእሱ አድርጉት።

«እውነተኛ ፖስትግሬስ ለቴስት ቀርፋፋ ነው»

ጊዜ የሚበላው ማስነሳቱ ነው። ለእያንዳንዱ ቴስት አዲስ ኮንቴይነር (ዶከር የሚባለው ፕሮግራም ዳታቤዙን ለብቻው የሚያስነሳበት ሳጥን) ካስነሳችሁ በርግጥ ያንቀራፍፋል። አንዴ አስነሱት። ማይግሬሽኑን (ቴብሎቹን የሚፈጥረውን ኮድ) አንድ ዳታቤዝ ላይ ጨርሱና እሱን ቴምፕሌት አድርጋችሁ ለየቴስት ፋይሉ ቅጂ ፍጠሩ፤ ቴምፕሌቱ ላይ የተከፈተ ኮኔክሽን ካለ እምቢ ስለሚል ቀድማችሁ ዝጉት። ኤፍሲንክንም (ዳታው ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን) አጥፉ። መብራት ቢሄድ ዳታው ሊበላሽ ይችላል፣ ግን የቴስት ዳታ ነው፤ እንደገና ትፈጥሩታላችሁ። ፕሮዳክሽን ላይ ግን በፍጹም እንዳትነኩት!

«ዶከር ያለ ኢንተርኔት አይሆንም»

ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) አንዴ ከወረደ ላፕቶፓችሁ ላይ ይቀመጣል። ኔት የተሻለ የሚሠራለት ሰው ያውርድና በዶከር ሴቭ ፍላሽ ላይ ይገልብጠው፤ ሌላው በዶከር ሎድ ይጭነዋል። ብቻ ቨርዥኑን «ሌተስት» (የመጨረሻው) አትበሉ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቨርዥን በቁጥር ጻፉ።

«ሮልባክ ሁሉን ያጸዳል»

ሮልባክ ቴስቱ ያደረገውን ለውጥ ሳይጸድቅ መሰረዝ ነው፤ ብዙውን ያጸዳል። ሲኩዌንስ (ለአይዲ ተከታታይ ቁጥር የሚሰጠው) ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ አይዲው 1 ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ቴስት ዛሬ አልፎ ነገ ይወድቃል። ኮዳችሁ ሌላ ኮኔክሽን ከከፈተም ገና ኮሚት ያልተደረገውን (ያልጸደቀውን) አያየውም። ፍተሻቸው እስከ ኮሚት እንዲዘገይ የተደረጉ ገደቦች ደግሞ ጭራሽ ሳይፈተሹ ያልፋሉ። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ኮሚት አድርጉና ሲያበቃ ቴብሎቹን በትራንኬት አጽዱ።

«የፕሮዳክሽን ቅጂ ከሁሉም ይሻላል»

የደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥር ላፕቶፕ ላይ ይዞ መዞር አደጋ ነው። ዳታው በተቀየረ ቁጥርም ትናንት ያለፈው ቴስት ዛሬ ለምን እንደወደቀ ለማወቅ ትቸገራላችሁ። እያንዳንዱ ቴስት የሚያስፈልገውን ራሱ ያስገባ፦ አንድ ደንበኛ፣ አንድ መጋዘን፣ ሁለት ጭነት።