ለሥራ ቦታ የሚሆን ሚክስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለሥራ ቦታ የሚሆን ሚክስ፣ ማለትም ተከታትለው እንዲጫወቱ የተደረደሩ ዘፈኖች፣ ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል። የምንወዳቸውን ዘፈኖች ደርድሮ ስፒከሩን መክፈት ነው፣ በቃ። ለዓመታት ስሠራው ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። የድግስ ሚክስ የሚዘጋጀው ሰውን ከተቀመጠበት ለማስነሳት ነው። የሥራ ሚክስ ደግሞ ሰው በያዘው ነገር ላይ እንዲቆይ ነው የሚዘጋጀው። ከዚህ በታች ካሉት አመለካከቶች ብዙዎቹ ሁለቱን ከማምታታት የመጡ ናቸው።

«የምወደው ዘፈን አያዘናጋኝም»

በብዛት የምሰማው ይህንን ነው። ብዙ የሚጎዳንም ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ዘፈን ደስ ማሰኘቱ ሌላ፣ ለሥራ መመቸቱ ሌላ ነው። ኒክ ፐርሃም እና ጆአን ቪዛርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ፊደሎችን በቅደም ተከተል እንዲያስታውሱ ጠየቁ። አንዴ በጸጥታ፣ አንዴ የሚወዱት ሙዚቃ ተከፍቶ፣ አንዴ ደግሞ የማይወዱት ተከፍቶ። የሚወዱትም የማይወዱትም ሙዚቃ ከጸጥታው ይልቅ አሳሳታቸው። መውደዳቸው አላዳናቸውም።

ዓይናችንን መጨፈን እንችላለን፤ ጆሯችንን ግን አንችልም። ንግግር ሲሰማ አእምሯችን ማንም ሳይጠይቀው ይከተለዋል። በተለይ እያነበብን ወይም እየጻፍን ከሆነ የዘፈኑ ቃልና የእኛ ቃል በአንድ በር ለመግባት ይጋፋሉ። አንድ ቀን ለደንበኛ ኢሜይል እየጻፍኩ ነበር። «ነገ ጠዋት እልክልዎታለሁ» ልል ነው ያሰብኩት። ከመላኬ በፊት ደግሜ ሳነበው «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ይላል። ለካ ስፒከሩ ላይ ያለው ዘፋኝ «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» እያለ ሲደጋግም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጽሑፍ ለሚጻፍበት ሰዓት በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ እንጂ ግጥም ያለው አላስገባም።

«እንግዲያው በማላውቀው ቋንቋ የተዘፈነ ልክፈታ!» የሚሉም አሉ። ትርጉሙ ስለማይገባን አንድ ነገር ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኮል እና የዌልሽ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ፊደሎችን በቃላቸው እየያዙ ሳለ በጀርመንኛ የሚነበብ ጽሑፍ ከጎናቸው ይሰማ ነበር። ቋንቋውን ባይረዱትም የማስታወስ ሥራቸውን በጠበጠባቸው። ከትርጉሙ ባሻገር ከፍ ዝቅ እያለ የሚለዋወጠው ድምፅ ራሱ ይረብሻል ማለት ነው።

ታዲያ ግጥም ያለው ዘፈን ይቅር ወይ? በፍጹም! ዕቃ ሲታሸግ፣ ወረቀት ሲደረደር፣ ክፍል ሲጸዳ፣ በአጠቃላይ እጅ የለመደው ሥራ ሲሠራ ዘፈን ሰዓቱን ያሳጥራል። ስለዚህ ሚክስ ስታዘጋጁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የማንን ዘፈን ላስገባ?» የሚለውን አይሁን። «በዚያ ሰዓት ምን እየተሠራ ነው?» የሚለው ይቅደም።

«ክላሲካል ሙዚቃ ብልህ ያደርጋል»

ይህ እምነት መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት ወጣ። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን ሙዚቃ ከሰሙ በኋላ ቅርጽን በአእምሮ ማገላበጥ በሚጠይቅ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። ለውጡ የቆየው ግን ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። «ብልህ ያደርጋል» የሚለው በኋላ የተቀጠለ ነው። ከዚያ የመጡ ጥናቶች እንዳሳዩት የረዳቸው መነቃቃታቸውና ስሜታቸው ጥሩ መሆኑ ነው። ያንን ደግሞ ሌላም ደስ የሚል ነገር ሊያደርገው ይችላል።

ክላሲካል ለሥራ ቦታ የራሱ ችግርም አለው። ብዙ ኦርኬስትራዎች ላይ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ይወርድና ድንገት ይፈነዳል። ዝቅ ያለውን ለመስማት ቮልዩም የጨመረ ሰው ሲፈነዳ ከወንበሩ ይዘላል። ፒያኖ ብቻውን ወይም ጊታር ብቻውን የሚጫወትበትን ብትመርጡ ይቀላል።

«ፈጣን ዘፈን ሥራ ያፋጥናል»

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1940 ጀምሮ፣ ቢቢሲ ለፋብሪካ ሠራተኞች «ሚዩዚክ ዋይል ዩ ዎርክ» የተባለ የሙዚቃ ፕሮግራም ያስተላልፍ ነበር። አዘጋጆቹ የሚያነቃቃ ነገር ይፈልጉ ነበር፤ ግን በልኩ። ድምፁ ከፍ ዝቅ እንዳይል፣ ዜማው በማሽኑ ጩኸት መሃል እንዲለይ ይጠነቀቁ ነበር። አንድ በጣም የተወደደ ዘፈንንም ከፕሮግራሙ አግደውታል። ጥፋቱ ምን ነበር? መሃሉ ላይ ጭብጨባ ነበረበት። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ማጨብጨብ፣ አልፎም በያዙት መሣሪያ ምቱን እየተከተሉ ማንኳኳት ጀመሩ።

እኔ አሁንም ዘፈን ስመርጥ ይህን ታሪክ አስታውሳለሁ። «ይህ ዘፈን ሲመጣ ሰው እጁን ከሥራው ያነሳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካነሳ ለዕረፍት ሰዓት ይሁን።

«ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ ሌላው ቀላል ነው»

ጎበዝ መራጭ ሆኖ ሚክሱ የሚበላሽበት ብዙ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ ያለው በዘፈኖቹ መገናኛ ላይ ነው። የተለያየ ዘመን ቅጂዎች የድምፅ መጠናቸው እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቅጂዎች ሆን ተብሎ ድምፃቸው ከፍ ተደርጓል። የቆየ ዘፈን አልቆ አዲሱ ሲገባ የአንዱ እጅ ወደ ቮልዩሙ ይሮጣል። በሚቀጥለው ዘፈን ደግሞ ሌላው ለመጨመር ይነሳል። በዚህ መሃል ሥራው ቆሟል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ የሙዚቃ ማጫወቻ መተግበሪያዎች ድምፅን እኩል የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን አብሩት። ሁለተኛ፣ ሚክሱን ዝቅ ባለ ድምፅ ከፍታችሁ የእያንዳንዱን ዘፈን የመጨረሻ 15 ሰከንድ እና የሚቀጥለውን የመጀመሪያ 15 ሰከንድ ብቻ ስሙ። ጉድለቱ ሁሉ እዚያ ይገኛል። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የተረሳ ረጅም ጸጥታ ታገኛላችሁ። በንግግር ወይም በጩኸት የሚጀምርም አይጠፋም። በስልክ ጥሪ ድምፅ የሚጀምር ካለ ያለ ምንም ርኅራኄ አውጡት። በከፈታችሁት ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል።

በማዳመጫ ለሚሰሙ ደግሞ አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለሠራተኛ ያስቀመጠው ወሰን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት ብቻ። ቀኑን ሙሉ ለሚሰማ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሹፍል ካደረግኩት ቅደም ተከተል አያስፈልግም»

ሹፍል ማለት መተግበሪያው ዘፈኖቹን በዕጣ እያወጣ ሲያጫውት ነው። እውነተኛ ዕጣ የአንድን ዘፋኝ ሥራ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ሊያመጣ ይችላል። ሰው ግን ይህን ሲሰማ «ሹፍሉ ተበላሽቷል» ይላል። የሙዚቃ መተግበሪያው ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2014 የሹፍል አሠራሩን የቀየረው በዚህ ቅሬታ ነው፤ የአንድ ዘፋኝ ዘፈኖች ተራርቀው እንዲመጡ አደረገ። ያም ሆኖ ሹፍል ሰዓት አያውቅም። ከምሳ በኋላ ዓይን ሲከብድ የሚያስፈልገውና ጠዋት ሰው ገና ሲገባ የሚያስፈልገው ሙዚቃ አንድ አይደለም።

«ስፒከሩ ከተዘጋ ቤቱ ይሞታል»

ለሥራ ቦታ ሙዚቃ በመሸጥ የታወቀው ሙዛክ የተባለው ኩባንያ እንኳ ሙዚቃውን በ15 ደቂቃ ከፋፍሎ ነበር የሚያቀርበው። በ15ቱ ደቂቃ ውስጥ ዘፈኖቹ ቀስ በቀስ እየሞቁ ይሄዳሉ። ከዚያ 15 ደቂቃ ጸጥታ። ሙዚቃ የሚሸጥ ድርጅት ጸጥታን በዕቅድ ውስጥ ካስገባ እኛም ሚክሳችን ውስጥ ለዝምታ ቦታ ብንተው ምን አለበት?

«ለመተግበሪያው በየወሩ እከፍላለሁ፣ የትም ማጫወት እችላለሁ»

አይደለም። የተለመዱት የሙዚቃ መተግበሪያዎች የግል ክፍያ ለግል መስሚያ ብቻ ነው፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ደንበኛ በሚገባበት ሱቅ ወይም አዳራሽ ለማጫወት በብዙ አገሮች ለሙዚቃው ባለመብቶች የሚከፈል የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘፈኑን የደከሙበት ሰዎች አሉና ይህ ተገቢ ነው።

«ማንም ካልተናገረ ሁሉም ወዶታል»

ይህንን የተማርኩት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሒሳብ ነበር የምትሠራው። ለወራት ሚክሴን ከፍቼ ስሠራ አንድም ቀን ተናግራኝ አታውቅም። አንድ ቀን በጠረጴዛዋ በኩል ሳልፍ ቀኝ እጇ ቁጥር ይጽፋል፣ የግራ እጇ መዳፍ ጆሮዋን ሸፍኗል። «ምነው አመመሽ እንዴ?» አልኳት። «አይ፣ ስደምር እንዲህ ነው የምሠራው» አለችኝ፤ ቅር እንዳይለኝ ፈገግ ብላ። ውስጤ አዘነ። ራሳችን የከፈትነው ሙዚቃ እና ልንዘጋው የማንችለው ሙዚቃ ለጆሮ አንድ አይደሉም።

በዚያው ሳምንት ስፒከሩን ከእሷ ጠረጴዛ አራቅነው። ማንም ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ሊዘጋው እንደሚችልም ተስማማን። መጀመሪያ የዘጋችው እሷ ናት። ሒሳቡን ስትጨርስ ተነስታ ራሷ ከፈተችው።