«ገብቷል» ስለተባለ አልገባም

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ካርድ እሸጣለሁ፤ የቴሌብር ወኪልም ነኝ። ሳምንት አያልፍም፣ አንድ የተበላ ሰው ስልኩን እንደያዘ ይመጣል። ሁሉም ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ያችኑ ይላል፦ «ይኸው እኮ፣ መልእክቱ ገብቷል!»

ይቺን መስማት ሰልችቶኛል። አዎ፣ መልእክቱ ገብቷል። ብሩ ግን አልገባም።

የፋሲካ ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። ከመንዝ ሁለት ሙክት ይዘው የመጡ አባት ነበሩ። ገዢው ጥሩ የለበሰ፣ አፈ ጮሌ ልጅ ነው። 26 ሺህ ብር ሲሉት እሺ አለ። በበዓል ገበያ የማይከራከር የበግ ገዢ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። «በእጄ ጥሬ ብር የለም፤ በስልክ ልላክልዎት አባባ» አላቸው። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ማንበብ ስለሚቸግራቸው ያነበበላቸው ራሱ ገዢው ነው፦ «26,000 ብር ተቀብለዋል።» መርቀው ሸኙት።

ብሩን ሊያወጡ እኔ ጋ ሲመጡ የበጎቹን ገመድ ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው ነበር። ሚስጥር ቁጥራቸውን ራሳቸው ነኩ፤ ሂሳባቸውን አየን። 43 ብር።

መልእክቱን ከፈትኩት። የላከው በ09 የሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። «127» የሚለውን ጽሑፉ መሃል ሰክቶታል። የቴሌብር መልእክት ላኪው ራሱ 127 ነው፤ ከላይ፣ የላኪ ስም በሚወጣበት ቦታ ላይ። ጽሑፉ ውስጥማ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ደግሞ ቀሪ ሂሳቡን ተመልከቱ። እውነተኛው መልእክት አሁን በጠቅላላ ስንት ብር እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ሌባው ከዚያ በፊት ስንት እንደነበራችሁ ከየት ያውቃል? ስለዚህ ወይ አይጽፈውም፣ ወይ ይሳሳታል። የእኚህ አባት መልእክት ቀሪ ሂሳብ 26,000 ይላል። 43ቷ ብር የለችም።

እንዲያም ሆኖ መልእክት መመርመር ውስጥ አትግቡ። አንዳንዱ አስመሳይ መልእክት በጣም የተጣራ ነው፤ እኔንም ቆም አድርጎ ያሳስበኛል። ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ በቃ። *127# ደውላችሁ ታዩታላችሁ። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ባለ ቁልፏ ትንሽ ስልክም ትበቃለች። ቀድሞ ስንት እንደነበረ ዕወቁ፣ አሁን ስንት እንደሆነ እዩ፣ ልዩነቱን ቁጠሩ። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው ይጠብቃል። ገዢው የራሱን ስልክ ዘርግቶ «ደረሰኙ ይኸውላችሁ» ቢልም ያው ነው። ደረሰኝ የሚመስል ምስል ስልክ ላይ መሥራት ደቂቃ አይፈጅም። «መኪና ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ ካጣደፋችሁ ደግሞ ጭራሽ ቀስ በሉ።

እናትና አባቶቻችሁ ገጠር ያሉ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ አስተምሯቸው። ማንበብ ባይችሉም ቁጥር ይለያሉ። ዕድሜ ልካቸውን ብር ቆጥረዋል። መልእክት ሲመጣ ለገዢው ሳይሆን ለሚያውቁት ሰው ያስነብቡ።

«በስህተት ብር ስለላኩብህ መልስልኝ» የሚለውም የዚሁ ልጅ ነው። አስመሳይ መልእክት ይልኩና ወዲያው ይደውላሉ። ያለቅሳሉ፤ ለእናቴ መድኃኒት ነው ይላሉ። ደግ ሰው ሂሳቡን ሳያይ ከራሱ ብር ይልካል። ብሩ በእውነት ገብቶ ቢሆንስ? ያኔም በራሳችሁ አትመልሱ። የላከው ሰው ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክት፤ በዚያ በኩል ይስተካከል። እውነተኛ ከሆነ በዚህ አይቀየምም።

«የሚበላው ያልተማረ ገበሬ ነው» ይሉኛል ደግሞ። ይኼ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የተበላው ሁሉ አፍሮ ዝም ይላል። ከማውቃቸው አንዷ መምህርት ናት፣ ዲግሪ ያላት። የምታውቃት ጓደኛዋ በቴሌግራም «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፤ ድምፅ ስጪልኝ» አለቻት። ሊንኩን ነካች፣ ስልክ ቁጥሯን አስገባች፣ የመጣላትን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ሞላች። የጓደኛዋ አካውንት ቀድሞ የተሰረቀ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ያለው ወንድሟ በእሷ ስምና በእሷ ፎቶ መልእክት ደረሰው፦ «ቸግሮኛል፣ 8 ሺህ ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ።» ላከ። እህቱ ናታ! እሷ አፍራ 3 ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። በዚያ 3 ሳምንት ውስጥ ሌሎች ዘመዶቿም ተጠይቀዋል። ቶሎ ብትናገር ኖሮ ቢያንስ እነሱ ይተርፉ ነበር።

ኮድ ማለት የቤት ቁልፍ ነው። ለባንክ ሠራተኛም፣ ለእኔም፣ ለወንድማችሁም አይሰጥም፤ የትም ገጽ ላይ አይሞላም፣ እናንተው ራሳችሁ ልትገቡ ካልጠየቃችሁት በቀር። ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻላል፤ ዛሬውኑ አስገቡ። ሰው በጽሑፍ ብር ከጠየቃችሁ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። አላነሳም? ብሩም አይሄድም።

ሱቄ ውስጥ የምሰማቸውን ሌሎች ትንንሽ አባባሎች በአንድ ትንፋሽ ልጨርሳቸው።

«ከቴሌ ተደውሎ ሽልማት ደርሶኛል።» ሽልማት ለመቀበል አስቀድሞ ብር ክፈል የሚል ሸላሚ የለም። ዝጉት።

«ዲቪ ደርሶሃል ብለው ጻፉልኝ።» ለዲቪ አሸናፊ የሚደውል ወይም በኢሜል የሚያበስር የለም። ውጤቱ የሚታየው ስትሞሉ በተሰጣችሁ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር የሞላላችሁ ልጅ ጋ አትተዉት፤ ደርሶ ሲገኝ ቁጥሩን ደብቆ ብር የሚጠይቅ አለ።

«ማግኔት ካልሳበው ወርቅ ነው።» ናስም መዳብም በማግኔት አይሳቡም። መናኸሪያ ውስጥ «ወድቆ አገኘሁት፣ እንካፈል» የሚላችሁ ሰው አብሮት የሚሠራ ሌላ ሰው አለው። ዋጋውን አጋንኖ የሚመሰክረው ያ «መንገደኛ» ነው።

«የጠጠረ ማር ስኳር አለበት።» ይኼኛው ንጹሑን ነጋዴ ሌባ ያስብለዋል። ንጹሕ ማርም በብርድ ይረጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ እዚህ ማር ባይጠጥር ነው የሚገርመኝ። ማሩን ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ወይም ክብሪት ነክሮ ጭሮ መፈተንም አስተማማኝ አይደለም። ከምታውቁት ሰው ግዙ።

«ለ10 ሰው ካልላክህ መቅሠፍት ይመጣብሃል።» አትላኩ።

አንዱን ግን እንዲህ ማለፍ አልችልም፤ «ሰው አስገባና ትከፈላለህ» የሚለውን። «ጎረቤቴ ተከፍሎታል፣ ዓይኔ አይቷል፣ ስለዚህ እውነት ነው» ይላሉ። ጎረቤታችሁ ተከፍሎታል፣ አልክድም። የተከፈለው ግን ከትርፍ አይደለም፤ ከኋላው ከገባው ሰው ኪስ ነው። ወረቀት አውጡና አስሉት። እያንዳንዱ 5 ሰው ያስገባ ቢባል መጀመሪያ 5፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 125 እያለ ዘጠነኛው ዙር ላይ 1,953,125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። በ1999 ቆጠራ የሰሜን ሸዋ ሕዝብ በሙሉ፣ ጨቅላው ሳይቀር፣ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሰው ያልቃል። ሲያልቅ ብር የሚሰበስበው የኢንተርኔት ገጽ ይዘጋል፤ መጨረሻ የገባው ባዶ እጁን ይቀራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን፣ የፒራሚድ ሽያጭ የሚባለውን፣ ከልክሏል። ዕቁባችሁን አውጥታችሁ እዚያ አታስገቡ፤ ዘመዳችሁንም አታስገቡ። ብሩ ሲጠፋ የሚጠየቀው ያስገባው ሰው ነው፤ በዚህ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

የመጨረሻው «አንዴ ከሄደ ምንም አይደረግም» የሚለው ነው። ሁልጊዜ አይመለስም፣ እውነት ነው። ግን ብሩ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ሄዶ ከሆነ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ተቀባዩ አውጥቶት ከመሄዱ በፊት ሂሳቡ ሊታገድ ይችላል። ከቴሌብር ከሆነ 127፣ ከንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውሉ፤ ቁጥሩን ከዚህ ውሰዱ እንጂ ሌባው ከላከላችሁ መልእክት አይደለም። ከዚያ ፖሊስ ጋ። በኮምፒዩተርና በስልክ ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። መልእክቱን አታጥፉ፤ ማስረጃው እሱ ነው።

እኚያ የመንዝ አባት ሊያጠፉት ነበር። «ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል ልጄ» አሉኝ። ስልኩን ተቀብዬ የላኪውን ቁጥርና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ሱቄን ዘግቼ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ገመዱን አሁንም እንደያዙት ነበር።