በሮማ የወርቅ ሳንቲም ላይ ያለው «ኢምፕ 11» ዓመት አይደለም

«ኢምፕ 11» የሚለውን ጽሑፍ በሮማ የወርቅ ሳንቲም ላይ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ንጉሡ በነገሠ በ11ኛው ዓመት የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። «ኢምፕ» ኢምፔራቶር የሚለው የላቲን ቃል ምሕጻር ነው፤ ሠራዊቱ ድል ሲያደርግ አዛዡን በእልልታ የሚጠራበት ስም ነበር። ቁጥሩም የሚቆጥረው ይህንኑ ሙገሳ ነው።

የሐዋርያት ሥራ የሚያነሣውን የሮማ ንጉሥ ቀላውዴዎስን እንውሰድ። በአንድ የወርቅ ሳንቲሙ ጀርባ የድል ቅስት አለ፤ አናቱ ላይ የፈረሰኛ ሐውልት፣ ግራና ቀኙ የምርኮ ጦር መሣሪያ የተሰቀለበት ግንድ። እ.ኤ.አ. በ43 የተጀመረውን የብሪታኒያ ዘመቻ የሚያወድስ ነው። (ንጉሡ ራሱ እዚያ የቆየው 16 ቀን ብቻ ነው፤ ሙገሳው ግን አልቀረበትም።) በሳንቲሙ ፊት ላይ «ኢምፕ 11» ተጽፏል፤ ዓመቱን የሚነግረን ግን አጠገቡ ያለው «ትር ፕ 6» ነው። «ትር ፕ» ትሪቡኒኪያ ፖቴስታስ፣ ማለትም የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣን ነው፤ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ ስድስተኛው ሳንቲሙን 46 ወይም 47 ላይ ያደርሰናል።

እስከዚህ ድረስ እርግጥ ነው። ትርጉሙን የሚለየው ቃሉ የተጻፈበት ቦታ ነው፦ «ኢምፕ» ያለ ቁጥር ከንጉሡ ስም በፊት ከመጣ፣ በተለይ ከቀላውዴዎስ በኋላ ከነገሠው ከቬስፓስያን ወዲህ፣ የንጉሥነት መጠሪያ እንጂ የድል ቆጠራ አይደለም።