ስለ «ጉሬን ላጋን» የሚባሉ ስህተቶች እና እውነታው

ሮቦቶች ጋላክሲ እያነሱ እንደ ድንጋይ የሚወራወሩበት አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ነው። ያየው ሰው ወይ «እብደት ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ በሁለት ሌሊት ጨርሶ ያገኘውን ሁሉ «እየው» እያለ ይጨቀጭቃል። «ቴንገን ቶፓ ጉሬን ላጋን» እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ቴሌቪዥን በ27 ክፍል ቀርቧል። ዳይሬክተሩ ሂሮዩኪ ኢማይሺ፣ ጸሐፊው ካዙኪ ናካሺማ ናቸው። ከመሬት በታች ባለ መንደር ጉድጓድ ሲቆፍር የሚውል ሲሞን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ፣ ፊት ብቻ የምትመስል ትንሽ ሮቦት ቆፍሮ ያወጣል። ላጋን ትባላለች። ከዚህ በታች እስከ መጨረሻው ስለምናወራ ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

«በድሮ የሮቦት አኒሜዎች ላይ ማሾፊያ ነው»

ቀልድ ሞልቶታል፣ ማሾፍ ግን አይደለም። ናካሺማ ከቴአትር ጸሐፊነቱ ጎን ለጎን በአሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆኖ ሲሠራ የኬን ኢሺካዋን «ጌተር ሮቦ» ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ይዞ ነበር። «ጌተር ሮቦ» በ1974 የወጣ ነው፤ ሦስት በራሪ ማሽኖች ተጋጥመው አንድ ሮቦት ይሆናሉ፣ የሰው ልጅ አዝጋሚ ለውጥም ራሱ እንደ ኃይል ይቆጠራል። ላጋን በድሪሏ ጉሬን በሚባለው ትልቅ ሮቦት አናት ላይ ተሰክታ «ጉሬን ላጋን» የምትሆነው፣ የዘረመል ጥምዝም ስፓይራል ኃይል ተብሎ ሞተር የሚያስነሳው ከዚያው ቤት በተወረሰ ሐሳብ ነው። የሚያሾፍ ሥራ ለተመልካቹ ጠቀስ ያደርጋል። እዚህ ግን ሲሞን እንደ ታላቅ ወንድም የሚያየው ካሚና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሲፎክር አብረውት ካሉት አንዱም የምሩን መሆኑን አይጠራጠርም።

«ዋናው ጀግና ካሚና ነው»

ካሚና በክፍል 8 ይሞታል። ከዚያ በኋላ 19 ክፍል ይቀራል። ታሪኩ ከመጀመሪያውም የሲሞን ነው።

«ከልብህ ከጮህክ ታሸንፋለህ፣ ሌላ ነገር የለውም»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ክፍል 8 ላይ ያቆሙት ናቸው። ካሚና ከሞተ በኋላ ሲሞን ከማንም በላይ ይጮኻል፤ በንዴት ይዋጋል፣ ድንጋይ እየፈለፈለ የካሚናን ምስል ይቀርጻል። ላጋን ግን አልታዘዝ ትለዋለች። ኃይሉ ከተስፋ መቁረጥ ጋር አይሠራም። ልጁ የሚነሳው ክፍል 11 ላይ፣ «እኔ ካሚና አይደለሁም» የሚለውን ሲቀበል ነው።

ታሪኩ 7 ዓመት ዘሎ የሚቀጥልበት ክፍል ደግሞ ጩኸቱን ራሱን ይመረምረዋል። ድል ያደረጉት ወጣቶች አሁን መንግሥት ናቸው፤ ሲሞን ወረቀት መፈረም አይሆንለትም። በምድር ላይ ያለው ሕዝብ 1 ሚሊዮን ሲሞላ ጸረ ስፓይራል የተባለው ጠላት ይነቃል፣ ጨረቃም ወደ ምድር መውደቅ ትጀምራለች። የሲሞን ምክትል ሮሲዩ ሕዝቡን ለማረጋጋት ብሎ ሲሞንን አስሮ ሞት ያስፈርድበታል። ብዙ ተመልካች እዚህ ሮሲዩን ይጠላዋል፤ ክፍል 5ን ስለረሳ ነው። ሮሲዩ ያደገበት መንደር ከ50 ሰው በላይ መያዝ አይችልም። ከ50 የተረፈው በዕጣ ተመርጦ ወደ ላይ ይሰደዳል፤ የዚያን ቀን ዕጣው የወጣባቸው ሁለት ሕጻናት ናቸው። ይህ ልጅ አድጎ ሁሉንም ሰው የማትችል አንዲት የጠፈር መርከብ ሲሰጠው መቁጠር ይጀምራል። እንደኛ አስተያየት ከፍንዳታዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ጽሑፍ ይህ ነው።

«ክፍል 4 የተበላሸው ገንዘብ አልቆባቸው ነው»

ክፍል 4ን የመራው ኦሳሙ ኮባያሺ የራሱ የአሳሳል ስልት ያለው ሰው ነው፤ የገጸ ባሕርያቱ መልክ የተለወጠው በስልቱ ነው። አለመውደድ መብት ነው፣ ምክንያቱን መፈልሰፍ ግን ሌላ።

ተመሳሳይ ስህተት በውጊያዎቹ ላይም አለ፤ «ይቆራረጣል» ይባላል። በሰከንድ 24 ፍሬም (የቆመ ምስል) አለ፤ በጃፓን አሠራር አንድ ሥዕል ለ2 ወይም ለ3 ፍሬም ይያዛል፣ ስለዚህ በሰከንድ 12 ወይም 8 ሥዕል ብቻ ይሳላል። ኢማይሺ የአኒሜተሩ የዮሺኖሪ ካናዳ ስልት ተከታይ ነው። በዚህ ስልት አካሉ ከልክ በላይ ይለጠጣል፣ በሁለት ጽንፈኛ አቋሞች መካከል የሚገቡት ሥዕሎች ይቀነሳሉ፣ ዓይን ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል። መሃሉን በለስላሳ ሥዕል ብትሞሉት ቡጢው ክብደቱን ያጣል። ድሪሉ ሲወጋ በፍሬም በፍሬም እያቆማችሁ እዩት፤ ክንዱ ከአካሉ ሁሉ ገዝፎ የተሳለበት ሥዕል ታገኛላችሁ።

«የትሪገር ስቱዲዮ ሥራ ነው»

የጋይናክስ ነው። ትሪገር በ2011 ኢማይሺና ማሳሂኮ ኦትሱካ ከጋይናክስ ወጥተው ያቋቋሙት ስለሆነ ነው የሚምታታው።

«ሁለቱን ፊልሞች ማየት ይበቃል»

የ2008ቱ ፊልም እስከ ክፍል 15 ያለውን ጨፍልቆ ያቀርባል፤ ሲሞን በሐዘን የሚቆይባቸው ክፍሎች ስለሚያጥሩ መነሳቱ ቀላል ይመስላል። የ2009ኙ ግን መጨረሻውን አስፍቶ አዲስ ውጊያ ስለጨመረ ከተከታታዩ በኋላ ቢታይ ጥሩ ነው። ተከታታዩን ስታዩ ክፍል 16 የቀደመውን መከለሻ ስለሆነ ዝለሉት። ክፍል 6 በቴሌቪዥን የታየው ተቆራርጦ ነው (ሰዓቱ እሑድ ጠዋት፣ ቦታው ፍል ውሃ መታጠቢያ)፤ ያልተቆረጠው በዲቪዲ ወጥቷል።

«መግዘፉ ለመግዘፍ ብቻ ነው»

ላጋን ጉሬን ላይ ትሰካለች፣ ጉሬን ላጋን ከመርከቧ ጋር ይዋሃዳል፣ እሱ ደግሞ ጨረቃን ከሚያህለው ጋር፣ በመጨረሻ ጋላክሲን ከሚያሳንሰው ጋር። ሁልጊዜ ትንሹ ከትልቁ ውስጥ እንዳለ ነው። የመጨረሻው ምት ላይ መሰላሉ ይገለበጣል፤ ትልቁ ሲሰባበር ከውስጡ የሚያንሰው ይወጣል፣ እሱም ሲሰበር ቀጣዩ፣ ጠላት ላይ የምትደርሰው ከክፍል 1 የምናውቃት ላጋን ናት።

«ያን ያህል ኃይል ይዞ ኒያን አለማስነሳቱ የጽሑፍ ስህተት ነው»

የሲሞን ሙሽራ ኒያ በሠርጓ ቀን ትጠፋለች፤ ሲሞን ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ ደጋፊውም እስከዛሬ ይናደዳል። መልሱ ግን ተሰጥቷል። ጠላት ሰውን የሚያፍነው ስፓይራል ኃይል ያለ ልክ ካደገ ጽንፈ ዓለሙን ስለሚያጠፋው ነው፤ ሲሞንም ሲያሸንፈው ይህን ዓለም እንጠብቃለን ብሎ ቃል ገብቷል። ሙታንን ማስነሳት ቃሉን በማግስቱ ማፍረስ ነበር። ስለዚህ የላጋንን ቁልፍ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ትንሽ ድሪል፣ አውልቆ ለጊሚ ሰጥቶት ይሄዳል። ጊሚ በክፍል 5 ዕጣ ከወጣባቸው ከሁለቱ ሕጻናት አንዱ ነው።