«እርስዎ ይቀመጡ»፦ ስለ አረጋውያን እንቅስቃሴና የኃይል ወጪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኮዬ ፈጬም ሆነ በየካ አባዶ ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ኮንዶሚኒየም የገቡ እናቶችና አባቶች በቀን ውስጥ ደጋግመው የሚሰሙት ቃል «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ እሠራዋለሁ» የሚለው ነው። ቃሉ ከአክብሮት የመነጨ መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም ስለ አረጋዊ ሰውነት በተያዙ ግምቶች ላይ የቆመ ነው፣ ከግምቶቹም አብዛኞቹ ትክክል አይደሉም።

«ሰውነት ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ኃይል ማቃጠሉን እየቀነሰ ይሄዳል።»

በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከስምንት ቀን ጨቅላ እስከ 95 ዓመት አዛውንት ያሉ ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎችን መረጃ መርምሯል። የመለኪያው ዘዴ ክብደት ያላቸው የሃይድሮጂንና የኦክስጅን ዓይነቶች ያሉበትን ውሃ ማጠጣትና ሁለቱ ከሰውነት የሚወጡበትን ፍጥነት በሽንት መከታተል ሲሆን፣ በፍጥነታቸው መካከል ያለው ልዩነት ሰውየው ምን ያህል ኃይል እንዳቃጠለ ያሳያል። የሰውነት መጠን ልዩነት ታሳቢ ሲደረግ፣ በቀን የሚወጣው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም እንደማይለወጥ ተገኘ። የሚቀንሰው ከ60 በኋላ ነው፤ ያም በዓመት 0.7 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ዘጠናን በተሻገሩት ላይ ከመካከለኛው ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር በ26 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአርባ ዓመት የመጣ ቦርጭ ሰውነት በዕድሜ ኃይል ማቃጠሉን በመቀነሱ ሊመካኝ አይችልም።

ከዕለቱ የኃይል ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልብ፣ ጉበት፣ አንጎልና ሌሎች አካላት ለመደበኛ ሥራቸው የሚጠቀሙበት ነው፤ አንድ አሥረኛ ያህሉ ምግብ ለመፍጨት ይውላል። የቀረው በእንቅስቃሴ የሚወጣ ሲሆን፣ ሰው በፈቃዱ ብዙ ሊያሳድገው ወይም ሊያሳንሰው የሚችለው ይህንኑ ክፍል ብቻ ነው። ልጆች ጀሪካኑን ከእናታቸው እጅ ሲቀበሉ የሚወስዱባቸውም እርሱን ነው።

«የቤት ውስጥ ሥራ እንቅስቃሴ አይባልም።»

ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ገጠር መጥተው ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናትን እናስብ። ቀድሞ ላም ያልቡ፣ በረት ይጠርጉ፣ ውሃ ይቀዱ፣ እንጨት ይለቅሙ ነበር፤ ማንም ግን ያንን ስፖርት ብሎ አያውቅም። ዛሬ ውሃው በፈረቃ ሲመጣ የሚቀዳው ልጅ ነው፤ ሱቅ የምትላከው ሠራተኛዋ ነች፤ ደረጃው ደግሞ ለእሑድ ቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ይወረዳል። ከበርጩማ እየተነሱና እየተቀመጡ ቡና ማፍላት፣ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማስጣት፣ ለእድር ጉዳይ ጎረቤት ብሎክ ድረስ መሄድ ሁሉም ይቆጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል እንቅስቃሴ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲቆይ ይመክር ነበር፤ በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ይህን ገደብ አንስቶታል። እርግጥ፣ የቤት ውስጥ ሥራ ለብቻው አይበቃም፤ መመሪያው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ እንዲኖር ይመክራል።

«ቀስ ብሎ የሚራመድ አረጋዊ ብዙ ኃይል አያወጣም።»

በተመሳሳይ ፍጥነት አንድ ዓይነት ርቀት ሲጓዙ አረጋውያን ከወጣቶች የበለጠ ኃይል ያወጣሉ፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ የእግር ጡንቻዎቻቸው በአንድ ጊዜ ተቃራኒ ሆነው መወጠራቸው ነው። ለልጅ ልጁ መንሸራሸር የሆነው ከታክሲ መያዣ እስከ ቤት ያለው ዳገት ለአያት ሙሉ ልምምድ ሊሆን ይችላል። መነጋገር የሚያስችል፣ መዝሙር መዘመር ግን የሚያቅት ትንፋሽ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ለመሆን ምልክት ነው።

«በእርጅና ጡንቻ አይጠነክርም።»

በ1990 በአሜሪካ የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት በመጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ አቅመ ደካሞችን ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ አሠልጥኖ ነበር። ጉልበታቸውን የሚዘረጋው ጡንቻ ብርታት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። (አማርኛ ብርታትንም መታጠፊያውንም በአንድ ቃል «ጉልበት» ማለቱ እዚህ ላይ ልክ ገጥሟል።) ስምንት ሳምንት ማለት የዐቢይ ጾም ያህል ነው። ጤናቸው የሚፈቅድላቸው አረጋውያን በጾሙ የሚሰግዱት ስግደት ለጭን፣ ለክንድና ለሚዛን ከባድ ሥራ ነው፤ ችግሩ በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለማይሰገድ፣ የተገነባው ብርታት የሚጠብቀው ሌላ ሥራ ካላገኘ መልሶ መላላቱ ነው። በዚያ ወቅት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር ደጋግሞ መነሳት፣ ወይም የደረጃውን መደገፊያ ይዞ አንድ ፎቅ መውጣትና መውረድ ይቻላል።

«በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ከንቱ ነው።»

ቁጥሩ የተስፋፋው በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። በ2019 የታተመና አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆኑ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅተኛ እንደነበረና ልዩነቱ ከ7,500 በኋላ መጨመሩን እንዳቆመ አሳይቷል።

«ካላከሳ ጥቅም የለውም።»

ሰውነት በእንቅስቃሴ ያወጣውን በከፊል በሌላ በኩል ይቆጥበዋል፤ ስለዚህ የሚዛን ቁጥር ላይለወጥ ይችላል። ለአረጋዊ ዋናው ጥቅም ያለ ረዳት መነሳት፣ ሳይወድቁ መሄድ፣ ለብቻ መታጠብ ነው። ይልቁንም ሳይፈልጉት የመጣ መክሳት ያሳስባል፤ የእናት ቀሚስ እየሰፋ ሲሄድ «ጾሙ ተስማማቸው» ከማለት ይልቅ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ይገባል።