ቴምፖራሪ ፉድ ፐርሚት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ የአበሻ ፌስቲቫል ወይም የኳስ ውድድር ሲደርስ ድንኳን ተክሎ ምግብ መሸጥ ቀላል ይመስላል። ሙያው አለ፣ ድስቱ አለ፣ የሚያግዝ ዘመድም አይጠፋም። ግን ለሕዝብ የሚሸጥ ምግብ ነውና ፈቃድ ይጠይቃል። ለጥቂት ቀን ብቻ የሚሰጠው ይህ ፈቃድ ነው ቴምፖራሪ ፉድ ፐርሚት የሚባለው።

ጥቂት ቀን ስንት ነው? የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ ለአርአያነት ያወጣው የምግብ ደንብ፣ ፉድ ኮድ፣ ጊዜያዊ ምግብ ቤት የሚለው ከአንድ ዝግጅት ጋር ተያይዞ በተከታታይ ከ14 ቀን ላልበለጠ ጊዜ የሚሠራውን ነው። ፉድ ኮድ ራሱ ግን ሕግ አይደለም፤ ሕግ የሚያደርጉት ስቴቶችና ካውንቲዎች ናቸው፣ አንዳንዴም እየቀየሩ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ በ90 ቀን ውስጥ እስከ 25 ቀን ትፈቅዳለች።

ስለዚህ ፈቃዱ የሚያገለግለው በተሰጠበት ቦታ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ፈቃድ ምግብ የሸጠ ሰው፣ በሳምንቱ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ መሸጥ ከፈለገ እንደ አዲስ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድሩን ከተማ እየቀያየረ ስለሚያካሂድ፣ እሱን ተከትሎ የሚሸጥ ሁሉ የየከተማውን ደጅ ይጠናል። «አዘጋጁ ፈቃድ አለው» ማለትም አያዋጣም። ብዙ ቦታ የአዘጋጁ ሌላ፣ የእያንዳንዱ ድንኳን ሌላ ነው።

አብዛኛውን ሰው የሚያሰናክለው ግን ወረቀቱ ሳይሆን ወጡ ነው። ደንቡ በመኖሪያ ቤት የተሠራ ምግብ ድንኳን ውስጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ወጡ ወይ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ወይ ፈቃድ ባለው ኪችን መሠራት አለበት። ይሄኔ ሰው ይቆጣል፤ «የእኔ ቤት ከስንቱ ሬስቶራንት ይጸዳል!» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን የንጽሕና ብቻ አይደለም።

አንድ ትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ ማታ ተሠርቶ ፍሪጅ ገባ እንበል። ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ግን ለብ እንዳለ ለሰዓታት ይቆያል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ስፖሩ (ሙቀት የሚቋቋመው ቅርጹ) እሳቱን ችሎ ያልፍና ለብ ባለው ሥጋ ውስጥ ይራባል። ለዚህ ነው ደንቡ የበሰለ ምግብ ከ135 ፋራናይት ወደ 70 በ2 ሰዓት፣ ወደ 41 ደግሞ በጠቅላላው በ6 ሰዓት ውስጥ ይውረድ የሚለው። ወጡን ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ይሻላል። በማግስቱ እስከ 165 ይሞቃል፣ ሲሸጥ ከ135 በታች አይወርድም። ቴርሞሜትር የሌለው ሻጭ ይህን ሁሉ በጣቱ ሊለካ አይችልም።

ክትፎ ሌላ ጣጣ አለው። ሥጋው ሲፈጭ በላዩ የነበረው ባክቴሪያ ውስጡ ይገባል፤ ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ እስከ 155 ፋራናይት መብሰል አለበት። ለብለብ እዚያ አይደርስም። ሬስቶራንት ሜኑው ላይ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ጥሬ ሊያቀርብ ይችላል፤ በድንኳን ግን የማይፈቅዱ ካውንቲዎች ብዙ ናቸው። እኔ ብሆን ጥብስ ይዤ እሄዳለሁ።

የቀረው ቀላል ነው፣ ግን ይረሳል። ቧንቧ ያለው የውሃ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ የወረቀት ፎጣ፣ ከሥር እጣቢ የሚቀበል ባልዲ። ሳኒታይዘር እጅ መታጠብን አይተካም። እንጀራም በባዶ እጅ አይነካም፤ የሚያጥፈውም የሚያቀርበውም ሰው ጓንት ያደርጋል። ጉርሻውን ደንበኞቹ እርስ በርሳቸው ይጎራረሱ።

ማመልከቻው ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ የመጨረሻው ቀን እንደ ቦታው ይለያያል፣ ሲያልፍ ቅጣት የሚያስከፍሉም፣ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ሳምቡሳ የሚጠብስ ወይም ቡና በከሰል የሚያፈላ ደግሞ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱንም አብሮ ይጠይቅ። ድንኳን ሥር እሳት ማንደድን የሚመለከተው የምግቡን ፈቃድ የሚሰጠው የጤና መሥሪያ ቤት (ሄልዝ ዲፓርትመንት) ሳይሆን እነሱን ነው፤ በዘይት ለሚጠብስም ለዘይት እሳት የተሠራ ማጥፊያ እንዲይዝ ይጠይቃሉ።