የዚርኮኒያ ጥርስ «ድካም» ምንድን ነው?

ለዓመታት ያገለገለ የዚርኮኒያ ክራውን (ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ የተሠራ የጥርስ ሽፋን) አንድ ቀን ለስላሳ ዳቦ ሲታኘክበት ሽርፍ ይላል። ባለቤቱ በምላሱ ይዳስሰዋል፤ ትናንት ልሙጥ የነበረው ዛሬ ይሻክራል። «በዳቦ?» ይላል። ዳቦው ግን ምንም አላደረገም። ሥራው ያለቀው ቀደም ብሎ ነው።

አንድ ዕቃ በአንዴ ሊሰብረው በማይችል ጉልበት ደጋግመው ሲጫኑት ቀስ በቀስ ይሸነፋል። ድካም የሚባለው ይህ ነው። ሽቦ በእጅ ስቦ መበጠስ ከባድ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ካጠፉት ግን ይበጠሳል። ሴራሚክ እንደ ሽቦ አይተጣጠፍም፤ የሱ ድካም በስንጥቅ በኩል ነው የሚመጣው። ሲሠራ ወይም ሲሞረድ የቀረች፣ በዓይን የማትታይ ጭረት በየንክሻው ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች። ምራቅም ያግዛታል። ውሃው ስንጥቁ ጫፍ ድረስ ገብቶ አተሞቹን ያያያዘውን ትስስር ይበጥሳል። ለዚህ ነው በላብራቶሪ የማኘኪያ ማሽኖች ክራውኑን በውሃ ውስጥ ደጋግመው የሚመቱት። 1.2 ሚሊዮን ምት ብዙ ጊዜ እንደ 5 ዓመት ማኘክ ይታሰባል፤ ግምት መሆኑ ግን አይረሳ።

ዚርኮኒያ በዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለው። ከ1,170 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቅንጣቶቹ ቴትራጎናል የሚባል ቅርጽ ይይዛሉ። ሲቀዘቅዙ ቅርጻቸውን ቀይረው ከ4 እስከ 5 በመቶ ያብጣሉ። ኢትሪያ የሚባል ሌላ ኦክሳይድ 3 ሞል በመቶ ያህል (ከመቶ ሞለኪውል 3 ገደማ) ሲጨመርበት ግን ከቀዘቀዘም በኋላ ቴትራጎናል እንደሆነ ይቆያል፤ እንደ ተወጠረ ወጥመድ በሉት። ስንጥቅ ሲመጣ በጫፏ ዙሪያ ያሉት ቅንጣቶች ያብጡና መንገዷን ያጣብቡባታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ጠባይ ያሳወቁት ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን «የሴራሚክ አረብ ብረት?» ብለው ሰየሙት። አልተጋነነም ባይ ነኝ።

ታዲያ የዳቦው ክራውን ለምን ተሸረፈ? ድርብርብ ስለነበረ ነው። የቀድሞው ዚርኮኒያ እንደ ጠመኔ ድፍን ነጭ ነበር። ጥርስ እንዲመስል ላዩ ላይ ፖርስሌን የሚባል ብርጭቆ መሰል ሴራሚክ ይጋገርበታል። የውስጡ ዚርኮኒያ ሲታጠፍ ከ900 እስከ 1,200 ሜጋ ፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ይችላል፤ ፖርስሌኑ ግን 100 አካባቢ ነው። ንክሻው መጀመሪያ የሚያርፈው ደግሞ በደካማው ላይ ነው። በዚያ ላይ ዚርኮኒያ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ክራውኑ ከእቶን ወጥቶ በጥድፊያ ከቀዘቀዘ ላዩ ሲጠነክር ውስጡ ገና ትኩስ ነው። በዚህ መሃል ፖርስሌኑ ውስጥ ውጥረት ተቆልፎ ይቀራል። ገና አፍ ሳይገባ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ በአብዛኛው የሚረግፈው ፖርስሌኑ ነው፤ ዚርኮኒያው ከነክብሩ ይቀመጣል።

ወጥ ዚርኮኒያ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ነገር ስለሆነ የሚላጥ ልባስ የለውም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። «ወጥ ነው» ማለት ብቻውን ጥንካሬውን አይነግርም። ብርሃን እንዲያሳልፍና እንዲያምር ኢትሪያው ወደ 5 ሞል በመቶ ከፍ ሲል ብዙው ቅንጣት ኪዩቢክ የሚባል ሌላ ቅርጽ ይይዛል። ኪዩቢክ አያብጥም፤ ወጥመዱ የለም። ጥንካሬውም በጣም ይወርዳል፤ አንዳንዴ በግማሽ ያህል። ለፊት ጥርስ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ለመንጋጋ፣ በተለይ ሌሊት ጥርሱን ለሚያፋጭ ሰው፣ እኔ ብሆን ባለ 3 ሞል በመቶውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክራውኑ ከተገጠመ በኋላ «ከፍ ብሏል» ተብሎ በመሞረጃ ትንሽ ይነካል። የ2 ደቂቃ ሥራ ይመስላል። መሞረጃው ግን አዳዲስ ጭረቶች ትቶ ይሄዳል፤ እነዚያ ናቸው በኋላ በየንክሻው የሚራመዱት። ሸካራው ገጽ ከትይዩ ያለውን የተፈጥሮ ጥርስም ይሞርደዋል። ስለዚህ የተነካው ቦታ እንደገና በደንብ መወልወል አለበት፤ ወንበሩ ላይ እንዳሉ መጠየቅ ነውር የለውም።